ጌጁ ከፍ አለ፣ ዕቃው ግን ይንሸራተታል

ጥያቄው የመጣው አዲስ አበባ ውስጥ የካቢኔትና የበር ሥራ ከሚሠሩ ሰው ነው። ማሽናቸው ሲኤንሲ ራውተር ነው፣ በኮምፒውተር የሚመራ የእንጨት መቁረጫ። ዕቃውን የሚይዘው ከሥሩ አየር የሚወጣበት ቫኪዩም ጠረጴዛ ነው፣ ለየብቻ በሚዘጉ ክፍሎች (ዞኖች) የተከፋፈለ። ጌጁ የቫኪዩሙን መጠን የሚያሳየው መለኪያ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ባለ 6 ዞን ቫኪዩም ጠረጴዛ ያለው ሲኤንሲ ራውተር አለኝ። ፓምፑ በውሃ የሚሠራው ዓይነት ነው፣ 7.5 ኪሎዋት። መመሪያው እስከ -0.9 ባር ይላል። የእኔ ግን -0.55 አካባቢ ነበር። በቅርቡ ከፓምፑ ወደ ጠረጴዛው የሚሄደው ቱቦ ተሰነጠቀና በወፍራም የውሃ ጎማ ቀየርኩት። ጌጁ ወደ -0.65 ወጣ፣ ደስ አለኝ። ሥራው ግን ባሰበት። ትንንሽ የመሳቢያ ፊቶች ስቆርጥ እየተንሸራተቱ ይበላሹብኛል። ፓምፑም ጠጠር የገባበት ይመስል ይንኳኳል። አልቆለታል መሰለኝ፣ አዲስ ልግዛ?»

አይግዙ። ከጻፉልኝ ነገር ፓምፑ ደህና ይመስላል። የታመመው ጎማው ነው።

መጀመሪያ ከዚያች -0.9 እንገላገል፣ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ፓምፕ ያስቀየረች ቁጥር ናት። ቫኪዩም ዕቃ አይስብም። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ የሚጫነው ከላይ ያለው አየር ነው። ፓምፑ ከሥር ያለውን አየር ያወጣል፣ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው አየር ቀላል ከሆነ የሚጫነውም ቀላል ነው። መመሪያውን የጻፈው ሰው የባሕር ዳር አየር ይዞ ነው ያሰላው። እዚያ የአየሩ ግፊት 1013 ሚሊባር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለን 760 ሚሊባር፣ ማለትም 0.76 ባር ገደማ ነው። ሩቡ የለም ማለት ነው። ውሃ እኛ ጋ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ የሚፈላውም ለዚሁ ነው።

ጌጁ የሚያሳየው ደግሞ ከውጭው አየር ምን ያህል እንደወረደ ነው። እንግዲህ የፈለጉትን ውድ ፓምፕ ቢያመጡ አዲስ አበባ ላይ ጌጁ ከ-0.76 ብዙም አያልፍም። የሚወጣ አየር ከየት ይምጣ? መመሪያው -0.9 ሲል ፓምፑ በመጨረሻ 0.1 ባር ያህል አየር ያስቀራል ማለቱ ነው። ያንኑ 0.1 ከእኛ 0.76 ላይ ይቀንሱ። -0.66 ይመጣል። የእርስዎ ጌጅ -0.65 እያሳየ ነው። ፓምፑ ምን በደለ? ድሬዳዋ ቢሆኑ ኖሮ፣ እዚያ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያው ፓምፕ -0.77 አካባቢ ያሳይዎት ነበር።

በነገራችን ላይ ከቻይና የሚመጡ ብዙ ጌጆች በሜጋፓስካል ነው የሚጽፉት። -0.065 ካነበቡ -0.65 ባር ማለት ነው፣ አይደንግጡ።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ። ጌጁ ከፍ ብሎ ዕቃው ለምን ይንሸራተታል?

ጁስ በስትሮ ሲጠጡ ስትሮው መሃል ላይ ቢጣበቅ ምን ይሆናል? ጉንጭዎ ይሰረጉዳል፣ ጁሱ ግን አይመጣም። አፍዎ ላይ ጌጅ ቢኖር ጥሩ ቁጥር ያሳይ ነበር። የእርስዎ ጌጅ ያለው ልክ እዚያ ቦታ ነው፣ ፓምፑ አፍ ላይ። የውሃ ጎማ የተሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋ ግፊት እንዲችል ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲጫኑት ይሟሽሻል። በተለይ በሚታጠፍበት ቦታና ፓምፑ አጠገብ ሲሞቅ ግድግዳና ግድግዳው ይገናኛል። ፓምፑ ታነቀ፣ ጌጁ ወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው አየር ግን እዚያው ቀረ።

ያ የጠጠር ድምፅም የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው። በውሃ የሚሠራ ፓምፕ በቂ አየር ካልገባለት ውስጡ ያለው ውሃ እየፈላ አረፋ ይሠራል። አረፋው በድንገት ሲጨማደድ ነው እንደ ጠጠር የሚንኳኳው። ለረጅም ጊዜ ከቀጠለ ጎማውን ትተው እውነትም ፓምፕ ወደ መግዛት ይሄዳሉ፣ ምክንያቱም አረፋው የውስጡን ብረት ይቦረቡራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ያንን ጎማ ያውልቁት።

ድሮ ያነበቡት -0.55ስ? እሱ ተቃራኒው ነበር። የተሰነጠቀው ቱቦ አየር ያስገባ ነበር፣ ግን አልታነቀም። ፓምፑ ላይ ቁጥሩ ዝቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ከአሁኑ የተሻለ። በቁጥር ካየነው ይበልጥ ይገባል። በ0.65 ባር ልዩነት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 0.66 ኪሎ ገደማ ይጫናል። 15 በ40 ሴንቲ የሆነ የመሳቢያ ፊት 600 ካሬ ሴንቲ ነው፣ ወደ 400 ኪሎ ይጫነዋል። ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰው 0.2 ብቻ ከሆነ ግን 120 ኪሎ ገደማ ይቀራል። 10 በ12 የሆነች ቁራጭ ላይ ሲሆን ደግሞ 25 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ቢቱ፣ እየዞረ የሚቆርጠው ስለት፣ የሚገፋው ወደ ጎን ነው። ወደ ጎን የሚይዘው የዚህ ክብደት ከፊሉ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ቀድመው የሚያመልጡት ለዚህ ነው።

እኔን ከማመን ይለኩት። ርካሽ የቫኪዩም ጌጅ አንድ ይግዙ፣ 0 እስከ -1 የሚል። ወፍራም አክሪሊክ ወይም ፎርሚካ የተለጠፈበት ቁራጭ ሰሌዳ ይብሱና ጌጁን በኮላ አጥብቀው ይትከሉበት። ይቺ ተንቀሳቃሽ መለኪያዎ ናት። ከዚያ ሦስት ቦታ ያንብቡ። አንደኛ፣ ቱቦውን ከፓምፑ አውልቀው የፓምፑን አፍ በወፍራም ላስቲክና በጣውላ ይዝጉት። የፓምፑ ጌጅ የሚያሳየው የፓምፑ አቅም ነው። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አያቆዩት፣ ያ የጠጠር ድምፅ ይመጣል። በመዳፍዎ እንዳይሞክሩት ደግሞ፣ ባለ 50 ሚሊሜትር አፍ ከ10 ኪሎ በላይ ይይዛል፣ ቆዳ ያቆስላል። ሁለተኛ፣ ቱቦውን መልሰው ጠረጴዛው ጋ ያለውን ጫፍ ይዝጉና የፓምፑን ጌጅ ያንብቡ። ከመጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ካለ ቱቦው ወይም መገጣጠሚያው አየር ያስገባል። ሦስተኛ፣ ሁሉንም አገናኝተው ጠረጴዛውን ሥራ ላይ በሚሆንበት ሁኔታ ይሸፍኑና መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ፓምፑ ጋ ያለው ጌጅ ከፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዝቅ ካለ መሃል ላይ የታነቀ ነገር አለ። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ሌባው ቀዳዳ ነው። ከዚህ በኋላ በግምት የሚገዛ ነገር የለም።

አሁን ቱቦውን እንምረጥ። የሚፈልጉት በግድግዳው ውስጥ የብረት ሽቦ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ እየተጠማዘዘ የሚሄድበትን ነው። የውሃ ፓምፕ የሚሸጡ ሰዎች የመሳቢያ ጎማ ወይም ሰክሽን ይሉታል። የመስኖ ፓምፕ ያለው ገበሬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ከወንዙ የሚስበው ጎማ ጠንካራ ነው፣ ወደ ማሳው የሚገፋው ግን ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱን የሚያቀያይር ገበሬ የለም። መርካቶ ሲገዙ አንድ ክንድ ያህሉን በእጅዎ አጥፈው ይዩት። ሲታጠፍ ክብነቱን ካጣ ይተዉት። ግልጽ የሆነውን ዓይነት ካገኙ እሱን ይውሰዱ፣ ሰጋቱራ ሲጠራቀም በዓይንዎ ያዩታል። ውስጡ ለስላሳ ይሁን። ውስጡም እንደ ውጪው ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው አየሩን ያጓትተዋል፣ መገጣጠሚያ ላይም ያስቸግራል። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ስፋቱን አይቀንሱ። የፓምፑ አፍ 50 ከሆነ ቱቦውም 50 ይሁን። «25 ሚሊ ስላገኘሁ ግማሽ ነው፣ ይበቃል» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ግማሽ አይደለም። የአፉ ስፋት ወደ ሩብ ይወርዳል፣ በዚያ ላይ በጠባብ ቱቦ አየሩ ከግድግዳው ጋር የሚፋተገው ይበዛል። ርዝመቱንም ያሳጥሩ። ፓምፑን ጥግ ላይ አስቀምጦ 12 ሜትር ቱቦ ከሚዘረጉ 4 ሜትር ላይ አምጥተው ድምፁን በጣውላ ቢከልሉ ይሻላል። ቱቦው መሃል ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ አይርገብ። የረገበበት ቦታ ላይ እርጥበትና ሰጋቱራ ተገናኝተው ጭቃ ይሠራሉ።

ገጠማው ላይ ነው እንግዲህ ብዙ ወርክሾፕ የሚወድቀው። በዝርዝር ልሂድበት።

ቱቦውን በመጋዝ ገዝግዘው ሳይሆን በስለታም ቢላ ዙሪያውን ይቁረጡ፣ ሽቦውን በፒንሳ። ቁርጡ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ሰያፍ ከሆነ አንዱ ጎን ብቻ ነው የሚቀመጠው። የተቆረጠው የሽቦ ጫፍ ሹል ሆኖ ይቀራል። ወደ ኋላ አጥፈው ፕላስቲኩ ውስጥ ይቅበሩት። አለበለዚያ ወይ እጅዎን ወይ የራሱን የቱቦውን ግድግዳ ይበሳል።

ቱቦው እምቢ ካለ ላይተር አያስጠጉ። እሳት ፕላስቲኩን አንዱ ጎን ያቀልጠዋል፣ ሌላው ጎን እንደደረቀ ይቀራል። የፈላ ውሃ በጣሳ አምጥተው ጫፉን ለአንድ ደቂቃ ይንከሩት። ከዚያ ኒፕሉን (ቱቦው የሚለብሰውን ባለ ጥርስ አጭር ጫፍ) በሳሙና ውሃ ቀብተው እያሽከረከሩ ይግፉት፣ እስከ መጨረሻው። ዘይትና ግራሶ አይቀቡ። አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል፣ ቱቦውም ሥራ ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይወጣል።

ፋሸታው፣ ቱቦውን ዙሪያውን የሚያጠብቀው ቀለበት፣ የት ይሁን? ጫፉ ላይ አይደለም። ኒፕሉ ላይ ካሉት ጥርሶች ጀርባ፣ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ኒፕሉን ያቀፈበት ቦታ ላይ ነው። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የሽቦ ቱቦ ከውጭ ጉብታና ጎድጓዳ እየሆነ የሚጠማዘዝ ከሆነ ተራ ጠፍጣፋ ፋሸታ ጉብታዎቹ ላይ ብቻ ያርፋል። ቢያጠብቁት ቢያጠብቁት ጎድጓዳው ላልቶ ይቀራል። እንዲህ ላለው ቱቦ የሚሆነው ባለ ሁለት ሽቦ ፋሸታ ነው፣ ሽቦው በጎድጓዳው ውስጥ ይተኛል። እሱ ከጠፋ ጫፉ ላይ ያለውን ጎድጓዳ በላስቲክ ቴፕ ሞልተው አስተካክለው ጠፍጣፋውን ፋሸታ ይሠሩበት። ሁለት ፋሸታ ካደረጉ ብሎኖቻቸው ፊትና ጀርባ ይሁኑ፣ አንድ ጎን ላይ አይደርድሯቸው።

ወደ ውስጠኛው ጎርበጥባጣ ልመለስ። ቱቦው ከውስጥም ጉብታ ካለው ያ ጉብታ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ከጫፉ እስከ ውስጥ ይዘልቃል። አየሩ ኒፕሉና ቱቦው መካከል በዚያ መንገድ እየዞረ ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም። ፋሸታውን ጨክነው ቢያጠብቁት አይዘጋም፣ ኒፕሉ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ሲሊኮን ነው። የቱቦውን ጫፍ ውስጡን ሦስት ሴንቲ ያህል በስሱ ቀብተው ይግፉት፣ ፋሸታውን በመጠኑ ያጥብቁ፣ እስከ ማግስቱ ፓምፑን አያስነሱ። «ቶሎ ይደርቃል» ብሎ በሁለት ሰዓት ያስነሳ ሰው ሲሊኮኑን ከፓምፑ ማጣሪያ ላይ በጥፍሩ ሲፍቅ አይቻለሁ። ሰውየው እኔ ነበርኩ።

በጥርስ የሚገጣጠሙ ዕቃዎች ላይም አንድ ነገር ልበል። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ጥርስ ተደባልቆ አለ፣ የእንግሊዙና የአሜሪካው። በግማሽ ኢንችና በ3/4 ኢንች ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው አንዱ ሌላው ውስጥ ሲገባ የተጋጠመ ይመስላል። የጥርሱ ማዕዘን ግን ይለያያል፣ አንዱ 55 ዲግሪ ነው፣ ሌላው 60። ውሃ ላይ በቴፍሎን ብዛት ሊያልፍ ይችላል። ቫኪዩም ላይ ግን ያስገባል። ሲገዙ ወንዱንና ሴቱን ከአንድ ቦታ ገዝተው እዚያው ይሞክሩት። ቴፍሎን ሲጠቀልሉ ጫፍ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ጥርስ ባዶ ይተዉት። ወደ ውስጥ የተንጠለጠለች ቁራጭ ቴፍሎን መንገዷ ወደ ፓምፑ ነው።

ከዞኖቹ ወደ ጌጅና ወደ ትንንሽ መያዣዎች የሚሄዱ ባለ 8 ሚሊ ቱቦዎች ካሉዎት፣ እነዚያ እየተገፉ ብቻ የሚገቡት፣ ሲያስገቡም ቲዩቡ ጫፍ ላይ ጭረት መኖሩን ይዩ። ብዙ ጊዜ የገባና የወጣ ጫፍ ዙሪያው ይጫጫራል፣ በመግጠሚያው ውስጥ ያለው የላስቲክ ቀለበት (ኦሪንግ) መያዝ ያቅተዋል። ሁለት ሴንቲ ቆርጠው ጥለው እንደገና ያስገቡት። አለቀ።

ቀዳዳ ስለመፈለግ። ውሃና ጋዝ ላይ የለመድነው የሳሙና አረፋ እዚህ አይሠራም። አየሩ የሚገባ እንጂ የሚወጣ ስላልሆነ አረፋውን ይውጠዋል እንጂ አይነፋውም። እኔ የምወደው ዘዴ ከቤት የመጣ ነው፣ ዕጣን። ወርክሾፑ ተጠርጎ፣ ሰጋቱራው ወጥቶ፣ የውሃ ባልዲ አጠገብዎ ሆኖ፣ ጭሱን ቀስ እያሉ በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ያዙሩት። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይወጣ የነበረው ጭስ ወደ ጎን ታጥፎ ይገባል። ቀለም ወይም ቲነር ባለበት ክፍል ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። እዚያ ስስ የፌስታል ቁራጭ ይጠቀሙ፣ መገጣጠሚያው ላይ ሲያስጠጓት ቀዳዳ ካለ ትጣበቃለች። አንድ ሜትር ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ጋ፣ ሌላውን መገጣጠሚያው ጋ አድርገው ማዳመጥም ይቻላል፣ ልክ እንደ ሐኪም። ፉጨቱ ይሰማል።

ቱቦው ለብቻው መፈተን ሲኖርበት ፓምፑ ጋ ቫልቭ ያስገቡ፣ ጌጁም ከቫልቩ በቱቦው በኩል ይሁን። የቱቦውን ጫፍ ዘግተው ቫኪዩም ያስይዙና ቫልቩን ይዝጉ፣ ፓምፑን ያጥፉ። 4 ሜትር ባለ 50 ቱቦ የሚይዘው 8 ሊትር ገደማ አየር ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌ የምታክል ቀዳዳ እንኳ የጌጁን ቀስት በግልጽ ታወርደዋለች። ጠረጴዛውን ግን በዚህ መንገድ አይፈትኑት። ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፈው ኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ራሱ አየር ያስተላልፋል፣ ሁልጊዜ ይወድቃል። እሱ ላይ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ጎኖቹን በቫርኒሽ ወይም በኮላ መድፈን፣ ሥራ የሌለባቸውን ዞኖች ቫልቭ መዝጋት።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ማጣሪያውን በየሳምንቱ፣ ኤምዲኤፍ በብዛት በሚቆርጡበት ወቅት በየቀኑ ይክፈቱት። በኮምፕሬሰር ሲነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ ይንፉ፣ ከውጭ ከነፉት ዱቄቱን ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ቱቦውን በወር አንድ ጊዜ አውልቀው ያራግፉት። ሲያወልቁ መጀመሪያ ፓምፑን ያጥፉ፣ ቫልቭ ከፍተው አየር ያስገቡ፣ ከዚያ ነው። ቫኪዩም እንደያዘ ከነቀሉት በመንገዱ ያለ ቆሻሻ ሁሉ በአንዴ ወደ ፓምፑ ይሮጣል። ፋሸታው ሥር ያለውን ቦታ በጥፍርዎ ይጫኑት። ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፣ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም እዚያ ነው። ደርቆ ከሆነና ቱቦው ረጅም ከሆነ አምስት ሴንቲ ቆርጠው እንደገና ይግጠሙት። አጭር ከሆነ ይቀይሩት። የፓምፑ ውሃም ቀዝቃዛ ይሁን። ውሃው በሞቀ ቁጥር ቫኪዩሙ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃ የሚያመልጠው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

ያልጠየቁኝ ግን የምነግርዎት ነገር፣ መብራት ሲሄድስ? ፓምፑ ይቆማል፣ ቢቱ ግን ወዲያው አይቆምም። ፓምፑና ጠረጴዛው መካከል የማይመልስ ቫልቭ ከሌለ አየር በፓምፑ በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዴ የፓምፑን ውሃ ይዞ። ዕቃው የተለቀቀው ቢቱ እየዞረ እያለ ነው ማለት ነው። ቫልቩን ቀስቱ ከጠረጴዛው ወደ ፓምፑ እንዲያመለክት አድርገው ይግጠሙት። ከጠረጴዛው በኩል አሮጌ ግን ደህና የሆነ የኮምፕሬሰር ታንከር ቢጨምሩበት ጥቂት ሰከንዶች ያተርፉበታል። የፕላስቲክ በርሜል ግን አይሆንም። አንድ ወዳጄ 200 ሊትር በርሜል አገናኝቶ ፓምፑን ሲያስነሳው እንደ ባዶ ሃይላንድ ተጨማዶ ሲቀር አብሬው ቆሜ ነበር። ድምፁ ጎረቤት አስወጥቷል።

አዲሱን ቱቦ ሲገጥሙ ሦስቱን ንባቦች ጽፈው ይላኩልኝ። ፓምፑና ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ከተቀራረቡና ትንንሾቹ አሁንም ካመለጡ ቱቦውን እንተወውና ስለ ኤምዲኤፍዎ እናወራለን።